ከአራስ ቤት በኋላ

ልጄ፣ ክርስትናው አለፈ፣ ገንፎው ቀረ፣ ጠያቂውም ሳሳ። አሁን ህፃኑ ሲተኛና ቤቱ ጭር ሲል መስታወት ፊት ቆመሽ «ይሄ ሆድ መቼ ነው የሚገባልኝ?» ማለት ጀምረሻል። ስልክሽን ስትከፍቺ ደግሞ በወለደች በወሯ ሸንቃጣ የሆነች ሴት እየዘለለች «እንደኔ ሥሪ» ትልሻለች። ዕድሜዬን የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ወልጄም ያሳደግሁ ሴት ነኝና ስሚኝ። የወለደች ሴት ሰውነት የሚመለሰው ከውስጥና ከታች ጀምሮ ነው። ሆድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ብዙዋ ከሆድ ስለምትጀምር ነው በሁለት ሳምንቷ ወገቧን ይዛ የምታቆመው።

ጂም መግቢያ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። የጀሞም ሆነ የጎፋ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ጠባብ ቢሆንም፣ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርገሽ አንድ ምንጣፍ ካነጠፍሽ ቦታው ይበቃሻል። ዝላይ ብቻ ይቅርብሽ። ታች ያለው ጎረቤት በማለዳ ጣሪያው ሲደበደብበት ቅር ይለዋል፤ ያንቺም መገጣጠሚያዎች ከእርግዝናው ገና ልል ናቸው፣ ያንን ዱብ ዱብ ለወራት አይችሉትም።

መቼ ልጀምር ላልሽው፣ ትንፋሽ መሳብና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት በአራስነትሽም አይከለከልም። ከዚያ ያለፈውን ግን በስድስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ጠይቂ። «ልጁ ደህና ነው» ተብለሽ ብቻ አትመለሺ። ደም ግፊትሽ ይለካ፣ ደም ማነስ እንዳለብሽ ይታይ፣ «ስፖርት ልጀምር ወይ?» ብለሽ በአፍሽ ጠይቂ። በኦፕራሲዮን ከሆነ የወለድሽው፣ የላዩ ስፌት ቢደርቅም የውስጡ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ካለሽ ቀን አትቅደሚ። ጀምረሽም ቆሞ የነበረ ደም ከፈሰሰሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ወይም አንድ እግርሽ ብቻውን ካበጠና ካመመሽ ወዲያው አቁመሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

መጀመሪያ የምትሠሪው ማንም የማያይልሽ ሥራ ነው። ሲያስነጥስሽ ወይ ስትስቂ ሽንት ጠብ ይልብሻል? ብዙ ሴት ይኸ አለባት፣ አንዷ ለሌላዋ ግን አትናገርም። እናቶቻችንም «የወላድ ነገር ነው» ብለው ችለውት ኖረዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሻል ነገር ነው። ከታች ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የያዘው ጡንቻ ዘጠኝ ወር ተሸክሞ፣ በምጡም ተለጥጦ ደክሟል። ሽንትሽን እንደምትቋጥሪ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። መልቀቁም የሥራው ግማሽ ነው። አሥር አሥር እያልሽ በቀን ሦስቴ ብትሠሪው ይበቃል፤ ጡት እያጠባሽም ይቻላል። ሽንት ቤት ተቀምጠሽ ሽንትሽን እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂ። በሦስት ወር ካልተሻለሽ፣ ወይም ከታች የሚጎትት፣ የሚወርድ ነገር ከተሰማሽ ሐኪም ይይሽ። ነውር የለበትም።

ቀጥሎ ሆድሽን መርምሪ። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጣቶችሽን ከእምብርትሽ ከፍ አድርገሽ መሃሉ ላይ አሳርፊና ራስሽን ብቻ ቀና አድርጊ። በሁለቱ የሆድ ጡንቻዎች መሃል ጣት የሚገባበት ክፍተት ታገኚ ይሆናል። ሆድ ሲገፋ ይከፈታል፣ አብዛኛውም ከወሊድ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠባል። ከሁለት ጣት በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ቀና ስትዪ መሃሉ ጉብ የሚል ከሆነ፣ ሲት አፑን ለጊዜው ተይውና ፊዚዮቴራፒስት አማክሪ። እናትሽ ያሰረችልሽ መቀነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወገብ ይደግፋል፣ ደስም ይላል። ለወራት ጥብቅ አድርገሽ ብትታጠቂው ግን ጡንቻው ሥራውን አይለምድም፣ ግፊቱም ወደዚያው ወደደከመው ወደ ታች ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ነው እግርና ጀርባ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጪ፣ በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ቀስ ብለሽ ተመልሰሽ ተቀመጪ። ተማሪ ሳለሽ ለቅጣት የሠራሽው ቁጭ ብድግ ለጤና ሲሆን እንዲህ ይሠራል። ስትነሺ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ያንን የታች ጡንቻም ሳቢ። ሲቀልሽ ልጁን ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ሥሪ፤ እሱ በየወሩ ስለሚከብድ ክብደት መግዛት አያስፈልግሽም። ፑሽ አፕ ግድግዳ ላይ ጀምሪ፣ ቆይተሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ወለሉ የኋላ ኋላ ነው። በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከምንጣፉ ማንሳት ደግሞ በማዘል የደከመ ወገብን ያጠነክራል። ከእያንዳንዱ ስምንት ስምንት፣ ሁለት ዙር። ሁለት ሦስት ጊዜ የመጨመር አቅም ሳለሽ አቁሚ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አንቺ አታንሺ፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ደረጃውን መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ልመጂው፣ ከዚያ ባለ 5 ሊትሩን ይዘሽ ትወጪያለሽ።

ጡንቻሽ መታመሙ አይቀርም፣ አትደንግጪ። ጎፋ ገብርኤል ስቅለትን ስትሰግድ የዋለች ሴት ታውቀዋለች። ስግደት ጸሎት ነው፣ ከስፖርት ጋር አላስተካክለውም፤ ሰውነት ግን የሰገደውን ያውቃል። ዓርብ ማታ ደህና ናት፣ ቅዳሜ ጭኗ ይከብዳታል፣ የፋሲካ ለት ወጡን ልታወጣ ጎንበስ ስትል እግሯ እምቢ ይላታል። ያልለመደ ጡንቻ ሕመሙ የሚበረታው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ከዚያ ይለቃል። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምትሰግድ ባልቴት ግን ከጎኗ ያንኑ ያህል ሰግዳ ምንም አትሆንም። ስለዚህ ሲያምሽ ሥራውን ቀንሺ እንጂ ሳምንት አትተኚ። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ሌላ ነው፤ እሱ ላይ አትበርቺ።

ሰውነት ለመመለስ ስለሚፈጀው ጊዜ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ጥሩነሽ ዲባባ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ነው። ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ 10,000 ሜትር የሮጠችው በነሐሴ 2008፣ 17 ወር ቆይታ ነው። ያገኘችው ነሐስ ነበር፤ የገባችበት 29 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ግን ቤጂንግ ላይ ወርቅ ካጠለቀችበት 29 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ይፈጥናል። ደራርቱ ቱሉም በ1984 ባርሴሎና ላይ ካሸነፈች በኋላ አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች፣ ወለደች፣ በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ አመጣችው፤ በ37 ዓመቷ ደግሞ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። እነዚህ ሥራቸው ሩጫ የሆነ፣ አሰልጣኝ ያላቸው ሴቶች ናቸው። አንቺ በአርባ ቀን ካልተመለስኩ ብለሽ ራስሽን ስትረግሚ ልቤ ያዝናል። ዓመት ስጪው።

ለመቅጠን ብለሽም ምሳ አትዝለዪ። የምታጠባ ሴት ሰውነቷ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ምግብና ውሃ ይፈልጋል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ፣ ጎመኑ ይኑር፤ መቀነስ ካማረሽ ለስላሳውንና በየሻዩ የሚገባውን ስኳር ቀንሺ። ጾም ሲመጣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሉት አላቸው።

ከሁሉም የሚከብድሽ ጊዜ ማግኘቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወለዱ እናቶችም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ሰፈር ውስጥ ፈጠን ብሎ መራመድም ከዚያው ይቆጠራል። ያንን ጊዜ ተደብቀሽ አትስረቂው። ባልሽን «ከእራት በፊት ልጁ ያንተ ነው» በዪው፣ አማትሽም ይስሙ። ባል ኳስ ለማየት ሁለት ሰዓት ሲቀመጥ ማንም ምንም አይለውም። የወለደች ሴት ሃያ ደቂቃ ስትጠይቅ ቤቱ የሚያጉረመርምበት ምክንያት የለም፤ ካጉረመረመም ለምዶ ይተዋል። ልጁ በጥርስ ወይ በጉንፋን ሌሊቱን ያስነጋሽ ለት ግን ተኚ። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ላይ ሥራ መጨመር አይገባም።

ለከርሞ አንድ ነገር ከፈለግሽ፣ ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚለውን 5 ኪሎ ሜትር ያዘጋጃል፤ ሮጣ የምትጨርስም አለች፣ እየተራመደች የምትጨርስም አለች። ምዝገባው ሲከፈት ጥሪኝና አብረን እንመዝገብ፣ ልጁን አባቱ ይይዛል።