ሰው ፈልጉለት

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በታችኛው ውሃ ላይ ነው፤ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባስተማረበት በሐይቅ እስጢፋኖስ። አርዲቦን አስታውሶ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አርዲቦ ከፍ ብሎ ከተራሮቹ መሐል ተሸሽጎ የተኛ፣ ሲሞላ ትርፉን ቁልቁል ለታላቅ ወንድሙ የሚልክ ዝምተኛ ውሃ ነው። ዛሬ የማነሣው ነገር የተጀመረው ከዚያ ዳርቻ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። በሄድኩ በማግሥቱ ሌሊት ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች በመረብ ተጣሉና አንዱ ሌላውን በመቅዘፊያ ራሱን መታው። የተመታው ደሴ ሆስፒታል ተወሰደ። መትቷል የተባለው የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ይህ ልጅ የአክስቴ የቅርብ ጎረቤት ልጅ ነው። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ያሳደገችው እሷው ናት።

ሲነጋ አክስቴ ቤት ቡና ተፈላ፤ ሰፈሩም ተሰበሰበ። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ወሎ አይደል! የመጀመሪያው ቃል ከሁሉም አፍ በአንድነት የወጣ ይመስላል። «ሰው ፈልጉለት!» ጣቢያው ውስጥ ማን አለ? ወረዳው ላይ ማን አለ? ፍርድ ቤት የሚሠራው የእንትና የእህት ልጅ የት ደረሰ? ሌላው ደግሞ «አበጋሮቹ ይላኩ፣ እርቅ ይቅደም» አለ። ይኼም መልካም ነበር። በወሎ የደም ነገር ሳይቀር በአበጋሮች እጅ ሲበርድ ኖሯል። ብቻ ከባድ የአካል ጉዳት ሲሆን የሁለቱ ቤተሰብ መታረቅ የዐቃቤ ሕጉን ፋይል አይዘጋውም። ካሳና ጸጸት ቅጣት ያቀልላሉ እንጂ ክሱን አያስቀሩትም።

ጠበቃ የሚል ቃል ያነሣሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉና፣

«ልጁ መትቷል። እሱም አልካደም። ያጠፋን ሰው በገንዘብ አፍ ተከራይቶ ማስጣል ግፍ አይደለም ወይ? የተመታውስ የሰው ልጅ አይደለም?» አሉ።

መልስ የሰጠ የለም። እኔም አልሰጠሁም። ዘመኔን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በቃል አልታማም። የዚያን ዕለት ግን ቃል አጠረኝ። የልጁ እናት ዞር ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ልጄ ሲደነግጥ ይንተባተባል። ንግግር አያውቅም» አለችኝ።

ታዲያ እኔ የተማርኩት ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን አውጥቼ አንድ የማውቀው ሰው ዘንድ ደወልኩ። አዎ፣ ጠበቃ ያልኩት እኔው! «እናየዋለን፣ አታስብ» አለኝ። እኔም «አታስቡ» ብዬ ለእናትየው አስተላለፍኩ። ሁለት ቀን ጠበቅን። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ያየልን ሰው አልነበረም፤ ልጁ ግን መርማሪ ፊት ቀርቦ ብቻውን ቃሉን ሰጥቶ ነበር።

«ቃሉን ሰጠ» የምንለው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ቃል ስንሰጥ የምንሰጠው ለወዳጅ ነው፤ ለትዳር ነው፤ ለአደራ ነው። የፈራና ያልተኛ ልጅ በሌሊት የሚናገረውንም በዚያው ስም እንጠራዋለን። ሕጉ ግን ይህን ያውቃል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን እንዲያስጠራና እንዲያነጋግር ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ እንዳለበት፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት እንደሚችሉ ይናገራል። ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ያቆምለታል ይላል። ሁሉም በወረቀት ላይ ተቀምጧል። እኛ ግን ሁለቱን ቀን ያሳለፍነው ስልክ ስንጠብቅ ነው።

«ሰው» ማለታችንን እንመርምረው እስቲ። «ሰው አለህ?» ስንል ሰው የሆነ ሁሉ ማለታችን አይደለም፤ በጓዳ በር ገብቶ የሚያንሾካሹክልን ማለታችን ነው። «ሰው» የሚረዳን ስለሚያውቀን ነው፤ ጠበቃ የሚረዳን ግን ባያውቀንም ነው። «ሰው» የሚናገረው ማንም በማይሰማበት ነው፤ ጠበቃ የሚናገረው ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና የተጎጂው ቤተሰብ ተሰብስበው በሚሰሙበት ነው። የተመታው ልጅ እናት እኛ በስልክ ያወራነውን ልትሰማው አትችልም፤ ስለዚህም ልትመልስልን አትችልም። በጠበቃው ክርክር ላይ ግን ዐቃቤ ሕጉ ይመልስላታል። እንግዲህ ለተበዳይ የትኛው ይሻላል? «ግፍ አይደለም ወይ?» የተባለው ጥያቄ መጠየቅ የነበረበት ለስልኬ ነበር።

ቢሆንም የሽማግሌው ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። አጥፍቷል ብለን የምናምነውን ሰው መከላከል ምን ይሉታል?

ከራሳችን ታሪክ ልነሣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ተረሸኑ። ከነሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩበት። ክስ አልተነበበላቸውም፣ ዳኛ አልተሠየመላቸውም፣ ጠበቃም አልቆመላቸውም። ያን ጊዜ «ጥፋታቸው የታወቀ ነው፤ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?» ያለ ሰው ጥቂት አልነበረም። ሃያ ዓመት አለፈና በ1987 ዓ.ም. ያንን ትእዛዝ ሰጥተዋል የተባሉት የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ችሎት ቆሙ። ጠበቃ ማቆም ላልቻሉት መንግሥት ተከላካይ አቆመላቸው። ለሌላው የነፈጉት ለነሱ ተሰጠ። ክርክሩ ተጓትቶ እስከ 1999 ዓ.ም. ቆየ፤ በመጨረሻም ጥፋተኞች ተባሉ።

«ታዲያ ጥፋተኛ ለሚባሉት ያ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። እኔ የምለው፣ በ1967ቱ ሌሊትና በ1999ኙ ፍርድ መካከል ያለው ልዩነት እሱ ድካም ነው። ሁለቱም «አጥፍተዋል» ይላሉ። የመጀመሪያውን ያለው ጠብመንጃ የያዘ ነው። ሁለተኛውን ያለው ግን የሚቃወመውን ሰምቶ የጨረሰ ነው። ተከላካይ ያልተናገረበት ፍርድ እውነት ቢሆን እንኳ እውነትነቱን የሚያውቅለት የለም።

ሌላም አለ። አባቶቻችን በላ ልበልሃ ሲሉ ችሎት የአንደበት ዐውድማ ነበር። እኔም ይህን በክፍል ውስጥ እያደነቅኩ አስተምሬአለሁ። የነገር አዋቂውን ብልኃት፣ የቅኔውን ለዛ፣ ባላጋራን በአንድ ቃል አፍ ማስያዙን። ሳስተምር ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንደበት የሌለውስ? ዐውድማው አንደበተ ርቱዕ ለሆነው ዐውድማ ነው፤ ለሚንተባተበው ገደል ነው። ጠበቃ ማለት እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ሜዳ ላይ የሚያቆም ሰው ነው።

አርሲ ውስጥ በ1989 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትታገል ጠላፊዋን በጥይት ገደለችውና ታሰረች። በአገሬው ልማድ ጥፋቷ ግልጽ ነበር። ጉዳዩን የያዘላት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ መሥራቿ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ ራሷን ለመከላከል ነው ያደረገችው ተባለና ነፃ ወጣች። ጠበቃ ባይኖራት ኖሮ መግደሏ ብቻ ተሰምቶ ይቀር ነበር፤ ለምን እንደገደለች የሚሰማ አይኖርም ነበር። በአሜሪካም ጌዲዮን የተባለ ድኻ «ጠበቃ ይቁምልኝ» ብሎ ተከለከለና ተፈረደበት። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አመለከተ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ተፈረደለት። በዚያው ዓመት ክሱ እንደገና ሲታይ፣ አሁን ጠበቃ ቆሞለት፣ ነፃ ወጣ። ሰውዬው ያው ነው፣ ክሱም ያው ነው። የተጨመረው አንድ አንደበት ነው።

ጠበቃ ሁሉ ጻድቅ ነው እያልኩ አይደለም። «አስፈታዋለሁ፣ ጨርሻለሁ በሉት» የሚል ካጋጠማችሁ ሽሹ፤ የሚሸጥላችሁ የራሱ ያልሆነውን፣ የዳኛውን ነገር ነው። ሐሰተኛ ምስክር ላሰልጥን የሚልም ጠበቃ አይደለም። ደንበኛን መከላከልና ውሸትን መከላከል ለየቅል ናቸው።

ወደ አርዲቦ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን አፍሬ ደሴ ሄድኩ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከተቀመጡት ራፖር ጻፊዎች አንዱን «የወንጀል ነገር የሚይዝ ማን አለ?» አልኩት። ሦስት ስም ነገረኝ። የመጀመሪያው ዋጋውን ከጉዳዩ በፊት ጠራ። ሁለተኛው አልነበረም። ሦስተኛው ሰውየ ግን ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል፤ ውሉንም በጽሑፍ አደረገልን። ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ተቀበለ፤ እናትየው ሁለት በግ ሸጣ፣ እኛም አዋጥተን ነው። «መታ ወይስ አልመታም?» ብሎ አልጠየቀኝም። «ምን ብሎ ቃል ሰጠ? ከታሰረ ስንት ሰዓት ሆነው? የተመታው ሰው የሐኪም ማስረጃ አለው?» ነው ያለኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለካ ቁልፍ ነበር። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሊያስቀጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ክስ ደግሞ ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም። ፖሊስም «የተጎጂው ሕይወት አስጊ ነው» ብሎ የጊዜ ቀጠሮ እየጠየቀ ነበር። ጠበቃው የሆስፒታሉን ማስረጃ አስቀረበ። ሰውየው፣ አላህ ይመስገን፣ ከአደጋ ወጥቷል። ልጁ በዋስ ተለቀቀ። እኛ ሁላችን ቡና ስንጠጣ ይህን አንድ ወረቀት ያሰበ አልነበረም።

መጨረሻውስ? ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። መትቷልና። ጠበቃውም አልመታም ብሎ አልተከራከረም። የተከራከረው መረቡን ማን ቀድሞ እንደቆረጠ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው ወይስ ቀላል በሚለው፣ በዚያ ሌሊት የተሰጠው ቃልም ምን ያህል ይታመናል በሚለው ነበር። ይህ የመጨረሻው ክርክር ግን አልተሳካለትም። ልጁ ከተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ፋይሉ ውስጥ ቀረች፤ ለቅጣቱ መክበድም ምክንያት ሆነች። እኔ ስልክ ስጠብቅ የተነገረች ዓረፍተ ነገር ናት። የወራት ዋጋ አላት፤ የወጣበትም ከልጁ ዕድሜ ነው።

ሽማግሌውን በኋላ አገኘኋቸው። «ይኸው፣ ጥፋተኛ ተባለ፤ ታዲያ ጠበቃው ምን ሠራ?» አሉኝ። ስመልስላቸው ቃል አላጠረኝም። «አባቴ፣ በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ጥፋተኛ ብለውት ነበር። አሁን ዳኛው አሉት። በመካከሉ ልጁ ተሰማ፤ ምን ያህል እንዳጠፋም ታወቀ» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «የተመታውም ልጅ ችሎት ላይ ተሰማ» አሉ። እሱን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

እርስዎም አንባቢዬ፣ ስልክዎን አውጥተው ስሞቹን ይቁጠሩ። «የማውቀው ሰው» ስንት አለ? የአንድ ጠበቃ ስምስ አለ? ገንዘብ የለኝም ካሉ በፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶችም በነፃ የሚያማክሩ ማዕከላት አሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በር ሲንኳኳ ይህን ለማወቅ መነሣት ይዘገያል። እኔ ሁለት ቀን ዘግይቼ አውቄዋለሁ።