የመንገድ ዓይን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የእስራኤል ልጆች ከሲና ምድረ በዳ ተነሥተው ሲጓዙ ደመና ይመራቸው እንደ ነበረ በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 10 ተጽፎ ይገኛል። ደመናው ሲነሣ ይነሣሉ፤ ደመናው ሲያርፍ ይሰፍራሉ። እንዲህ ያለ መሪ ለተሰጠው ሕዝብ ሌላ መሪ ምን ያደርግለታል? ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ሙሴ የምድያሙን ሰው የራጉኤልን ልጅ ኦባብን አብሯቸው እንዲሄድ ሲለምነው እናያለን። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ኦባብ በዚያ በረሃ የትኛው ስፍራ ለሰፈር እንደሚመች ያውቃልና ለሕዝቡ ዓይን ይሆናቸው ዘንድ ነው። ኦባብ አልሄድም አለ፤ ሙሴም ደግሞ ለመነው። ከእግዚአብሔር ጋራ የተነጋገረ ነቢይ አንድን የበረሃ ሰው ሁለት ጊዜ ለመነ ማለት ነው። ኦባብ በመጨረሻ ምን እንደ መለሰ በዚያ ስፍራ አልተጻፈም፤ በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 1 ግን የሙሴ አማት ወገኖች ከይሁዳ ልጆች ጋራ እንደ ወጡ ስለምናነብ፣ ልመናው ከንቱ አልቀረም ለማለት እንደፍራለን።

ይህን ምዕራፍ በመጻሕፍት ቤት ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ ተማርሁት፤ በኋላም ለደቀ መዛሙርት አስተማርሁት። በሥራ የተማርሁት ግን በሰሜን ተራራ በጅንባር ወንዝ ዳር ነው። የዚያንም ትምህርት ዋጋ የሌላ ሰው ልጅ በነፍሱ ሊከፍልልኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩ ከተፈጸመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስከ ዛሬም ለነፍስ አባቴ እንጂ ለሌላ ሰው አልተናገርሁትም። አሁን የምጽፈው ወንድሞቼ ካህናት እንዲያነቡት ብዬ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው፣ የወገራ ምድር ሰፊ ስለ ሆነ፣ ወደ ታላቅ ተራራ መቃረቡን በደንብ አያስተውለውም። ከደባርቅ ወዲያ ግን ምድር ጠርዝ አላት። በአንድ ወገን የሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ወደ ዋልድባ ገዳም የሚሄዱ ተሳላሚዎች ያውቁታል። በሌላው ወገን መንገዱ በሳንቃበር አድርጎ ወደ ጊጭና ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን ይሄዳል። ይህ አገር በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መካከል ተቈጥሮ ከቆየ በኋላም በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኝም። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ገንዘቡ ቢበዛ፣ በእጁ የያዘው ካርታ የቱን ያህል ቢያምር፣ ከደባርቅ ስካውት ሳይዝ ወደ ተራራው አይወጣም። እኔ ይህን ሥርዓት ለፈረንጅ የተሠራ ነው እል ነበር።

በዚያ ዓመት ነሐሴ 12 ቀን ለደብረ ታቦር ማኅሌት ከጊጭ ወዲያ ወዳለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተጠርቼ፣ ሁለት ደቀ መዛሙርት አስከትዬ እሄድ ነበር። አንዱ ጎልማሳ ነው፤ ሁለተኛው ገና ዐሥራ ሦስት ዓመት አልሞላውም። ሌሊቱን ሳንቃበር አጠገብ አድረን በማለዳ ተነሣን። የእግር መንገዱ በገደሉ አፋፍ ይሄድና በአስታ ደን ውስጥ ወደ ጅንባር ይወርዳል። ሽበት የመሰለ ነገር ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል፤ መሬቱ በክረምት እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጉሙም አንድ ጊዜ ሁሉን ይሸፍናል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተገልጦ በግራህ ምን ያህል ጥልቅ ገደል እንዳለ ያሳይሃል። ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ አፋችን እህል አልነካም። እኔም ለማኅሌቱ እንዳልዘገይ ስቸኩል ልጆቹን አላሳረፍኋቸውም።

ጅንባር በበጋ ሕፃን በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚሻገረው ንጹሕ ጅረት ነው። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ ግን በጊጭ ገደል ይወረወራል፤ ከማዶ ሆኖ የሚያየው ሰው አብዛኛው ውኃ መሬት ሳይደርስ ጉም ሲሆን ይመለከታል።

በወንዙ ዳር አንድ እረኛ ልጅ ባና ተከናንቦ ከበጎቹ ጋራ ቆሞ አገኘን። ዕድሜው ዐሥር ቢሆን ነው። ሲያየንም፣ «አባ፣ አሁን አይሻገሩ፤ ውኃው ተለውጧል፤ ላይ ዘንቧል፤ ደራሹ ሳይመጣ አይቀርም» አለኝ። ወደ ውኃው ተመለከትሁ። ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አያልፍም፤ በላያችንም ፀሐይ ወጥታለች። ቀለሙ ጥቂት መደፍረሱን፣ የሣር ቅንጥብጣቢ ይዞ መምጣቱን ያስተዋልሁት ኋላ ሳስበው ነው። «ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ በዚህ ወንዝ ተሻግሬአለሁ» ብዬ መለስሁለትና የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠየቅሁት። የአባቱን ስም ሲነግረኝ የእስላም ልጅ መሆኑን ተረዳሁ፤ በዚያ ዘመን በጊጭ የሚኖሩት ብዙዎቹ እስላሞች ነበሩና። ይህን ስሰማ ልቤ ይበልጥ ደነደነ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ነገር ግን ይህን ከተውሁት የቀረውን መጻፍ ዋጋ የለውም። ጎልማሳው ተማሪ፣ «የኔታ፣ ጥቂት ብንቆይስ?» ቢለኝ ተቈጣሁት። ታናሹንም፣ «አንተ ቀላል ነህ፤ ቅደምና ድንጋዩን ፈትነው» አልሁት።

ጸናጽሌና በእጄ የገለበጥሁት የዚቅ መጽሐፍ ያሉበትን እሽግ ተሸክሞ ገባ። ሦስተኛውን ድንጋይ ሲረግጥ ድምፅ መጣ። ነጐድጓድ መሰለኝ። ጭቃና ቅርንጫፍ የተሸከመ ውኃ ከላይ ታጥፎ ሲመጣ አየሁ፤ ልጁም ወደቀ። እኔ ቆሜ የእመቤታችንን ስም ጠራሁ፤ እረኛው ግን ሮጠ። ወንዙ ወደሚታጠፍበት ስፍራ በሩጫ ቀድሞ ደርሶ ጅራፉን ወረወረለት፤ ተማሪውም ጫፉን በእጁ ላይ ጠመጠመው፤ እኛም ደርሰን ሦስት ሆነን ሳብነው። እሽጉ ወደ ገደሉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ እረኛው ምንም አላለኝም። አንድ ጠጠር አንሥቶ በውኃው አፍ ላይ አኖረና ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው፣ ውኃው ከጠጠሩ አንድ ክንድ ሲርቅ በጎቹ ራሳቸው ይገባሉ አለኝ። እንዳለውም ወደ ማታ ሆነ፤ በጎቹ ገቡ፤ እኛም እነርሱን ተከትለን ተሻገርን። ሌሊቱን በአባቱ ቤት አደርን። እናቱ ጾም መሆኑን ማንም ሳይነግራት አውቃ ቅቤ ያልነካው የገብስ ቆሎ አቀረበችልን። አባቱም የታናሹን ተማሪ እጅ አገላብጦ አየና ወደ እሳቱ አስጠጋው። በማኅሌቱ አልደረስንም።

ወንድሞቼ ሆይ፤ ንዕማን ሶርያዊ ከለምጹ የዳነው የማንን ቃል ሰምቶ ነው? በመጀመሪያ ተማርካ በቤቱ የምታገለግል የአንዲት ትንሽ ብላቴና ነገር ደረሰው፤ በኋላም ተቈጥቶ ሊመለስ ሲል የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው። የሠራዊት አለቃ ነበረ፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚያንሱት ሲመክሩት ሰማ። እኔ የንዕማንን ታሪክ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ንዕማን ያደረገውን ግን አላደረግሁም። በለዓም በጠባቡ መንገድ አህያይቱን በመታት ጊዜ እርስዋ ያየችውን እርሱ አላየም ነበር።

ምናልባት አንድ ሊቅ በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 27 ያለውን አንሥቶ ይከራከረኝ ይሆናል። በዚያ የመቶ አለቃው የባሕርን ሙያ የሚያውቀውን መርከበኛ ሰምቶ ቅዱስ ጳውሎስን ስላልሰማ መርከቡ ተሰበረ፤ እንግዲህ የባለሙያ ቃል ከመንፈሳዊ ሰው ቃል አይበልጥም ይለኛል። ክርክሩ ደኅና ነው። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ መርከብ ላይ መምህር ተብሎ አልተቀመጠም፤ እስረኛ ነበር። የመቶ አለቃው በዚያች ሰዓት ቃሉን ያቀለለው የተናገረውን መርምሮ ሳይሆን፣ መርከበኛና ባለ መርከብ ባሉበት የእስረኛ ምክር ምን ይረባል ብሎ ይመስለኛል። እኔም የእረኛውን ነገር አልመረመርሁም፤ አባቱን መረመርሁ።

ይህ ነገር በወንዝ ዳር ብቻ የሚደርስ አይደለም። ልጇ በተቅማጥ የደከመባት እናት ወደ ጸበል ይዛው ትመጣለች፤ በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ደግሞ ሳይመሽ መድኃኒት ይጀምር ብላታለች። እናቲቱም ወደ እኛ ትመለከታለች። በዚያች ሰዓት ከአፋችን የሚወጣው አንድ ቃል ልጁን ያድናል ወይም ያጠፋዋል። ጸበሉን ትታችሁ ሂዱ የሚል የለም፤ ጸበሉ ደመናው ነው፤ ነርሷ ኦባብ ናት። ሙሴ ደመናው እያለለት ኦባብን ከለመነ፣ እኛ ኦባብ ሳንለምነው በራሱ መጥቶ ሲነግረን ስለ ምን እናባርረዋለን? በጅንባር ዳር ያደረግሁትን በጸበሉ በር ላይ የሚያደርግ ካህን እንዳይኖር እፈራለሁ፤ በዚያ ጅራፍ የሚወረውር ላይኖር ይችላልና።

ታናሹ ተማሪ ዛሬ ቄስ ነው። ጅራፉ የቈረጠው ስፍራ በቀኝ እጁ ላይ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል፤ መስቀል ሲያሳልመኝ አየዋለሁ።

ጊጭም ዛሬ መንደር የለባትም፤ ነዋሪዎቿ በ2008 ዓ.ም. ፓርኩን ለቀው በደባርቅ ሰፍረዋል። ያ እረኛ እግዚአብሔር ዕድሜ ሰጥቶት እንደ ሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው፤ ምናልባትም በደባርቅ ገበያ ብዙ ጊዜ ተላልፈን ይሆናል። በገበያው መካከል ሳልፍ የሰዎቹን ፊት እመለከታለሁ። ባገኘው ግን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። በዚያ ቀን የአባቱን ስም እንጂ የእርሱን አልጠየቅሁትም።