ውበት ሲፈተን

ሳይንስ የቁጥርና የመለኪያ፣ ሃይማኖት ደግሞ የስሜትና የምናብ ጉዳይ ነው የሚለው አነጋገር በትምህርት ቤቶቻችን ሳይቀር የተለመደ ሆኗል። አባባሉ ሁለቱንም ወገኖች ይበድላል፤ ሳይንቲስቱን ማለም እንደማያውቅ ሒሳብ ሠሪ፣ አማኙን ደግሞ ራሱን መመርመር እንደማይችል አላሚ አድርጎ ያቀርባቸዋልና። እኛም ነገሩን በደፈናው ከመከራከር ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መመልከቱ ይሻላል ብለን አስበናል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮሐንስ ኬፕለር በ1571 በጀርመን አገር ተወለደ። የሉተራውያንን ነገረ መለኮት ተምሮ ለአገልግሎት ሲዘጋጅ ሳለ በኦስትሪያ በምትገኘው በግራዝ ከተማ የሒሳብ መምህር እንዲሆን ተላከ። በሐምሌ ወር 1595 በማስተማር ላይ እያለ አንድ ሐሳብ ድንገት በራለት። በዘመኑ የታወቁት ፕላኔቶች ስድስት ነበሩ፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ አምስት ነው። ገጾቻቸውም ማዕዘኖቻቸውም ሁሉ እኩልና ተመሳሳይ የሆኑት ጠጣር የጂኦሜትሪ ቅርጾችም አምስት ብቻ ናቸው፤ ስድስተኛ ሊኖር እንደማይችል ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ በማስረጃ ታውቋል። እንግዲህ ፈጣሪ እነዚህን ቅርጾች አንዱን በሌላው ውስጥ እያኖረ የፕላኔቶቹን ርቀት ለክቶባቸው ይሆን? ኬፕለር በዚያች ሰዓት የተሰማውን ደስታ በቃላት ሊገልጸው እንደማይችል ጽፏል። ሐሳቡንም በ1596 በመጽሐፍ አወጣው።

ሐሳቡ እጅግ ውብ ነበር፤ ነገር ግን ስሕተት ነበር።

በ1600 ኬፕለር ከግራዝ ተሰደደ። እዚህ ላይ ሳንናገር ማለፍ የማይገባን አንድ ነገር አለ፤ ያሳደደው ካቶሊካዊ መስፍን ነበር፤ ምክንያቱም ኬፕለር ሃይማኖቴን አልለውጥም በማለቱ ነው። ስደቱ ወደ ፕራግ፣ ወደ ታላቁ የከዋክብት ተመልካች ወደ ቲኮ ብራሄ አደረሰው። ቲኮ ያለ መነጽር፣ በዓይኑ ብቻ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ባልደረሰበት ጥንቃቄ የሰማይን አካላት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። በ1601 ሲሞት ኬፕለር የማርስን መንገድ የማስላቱን ሥራ ከነመዝገቡ ወረሰ።

ለዓመታት ከደከመ በኋላ በክብ መንገድ ላይ የተመሠረተ ስሌት አገኘ። ስሌቱ ከቲኮ መዝገብ ጋር በብዙ ቦታ ተስማማ፤ በአንዳንድ ቦታ ግን እስከ 8 የማዕዘን ደቂቃ ያህል ልዩነት አሳየ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ደግሞ ወደ 30 ደቂቃ ገደማ ነው። የኬፕለር ችግር እንግዲህ የጨረቃ ስፋት ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዝምታ ያልፈው ነበር። ኬፕለር ግን የቲኮን ታማኝነት ያውቅ ነበርና የሟቹን መዝገብ ከሚያስተባብል የራሱን ድካም መጣል መረጠ። ከራሱም ድካም ጋር ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የፍጹምነት ምልክት ተብሎ የኖረውን ክብ ጣለ። በ1609 ባሳተመው መጽሐፉ ፕላኔት የምትዞረው በሞላላ መንገድ፣ በኤሊፕስ፣ መሆኑን አስታወቀ።

ልብ ልንለው የሚገባን፣ የቲኮ ቁጥሮች ብቻቸውን ኤሊፕስን ሥለው አላሳዩም። መለኪያ ተሳስተሃል ይላል እንጂ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ አይነግርም። ሌላውን መንገድ በሕሊናው ሊሥል የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር። ይኸው ሰው በ1619 ፕላኔቶች የሚያሰሙትን ዜማ በሒሳብ ሲፈልግ፣ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን የጊዜና የርቀት ሕግ አገኘ። አምስቱን ቅርጾች ግን ከልቡ ሊተዋቸው አልቻለም፤ የወጣትነት መጽሐፉን በ1621 እንደገና አሳተመው። ሰው ነውና አንፈርድበትም።

ወደ ሃይማኖት እንመለስ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ የሰው አእምሮ በዚህ ሕይወት ያለ ምስል ማሰብ እንደማይችል አስተምሯል። ይልቁንም የሚያስገርመን ሌላው ትምህርቱ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ሲነገር ከከበሩ ነገሮች ይልቅ ከተራ ነገሮች የተወሰደ ምሳሌ ይሻላል ይላል። ለምሳሌ እግዚአብሔርን ዐለት ያለ ሰው በእርግጥ ድንጋይ ነው ብሎ አይሳሳትም። ብርሃን ያለው ሰው ግን ምሳሌው እጅግ ስላማረ እዚያው ሊቀር ይችላል። የቅኔ ሊቃውንቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ ሰሙ ካልቀለጠ ወርቁ አይፈስም።

የአንጥረኛውን ሰም እሳት ያቀልጠዋል፤ የኬፕለርን ክብ ስምንት ደቂቃ ሰበረው። ስለ እግዚአብሔር የምንሥለውን ውብ ምስል የሚፈትነው ግን ምንድን ነው? አንዳንዶች ሳይንስ ነው ይላሉ። ይህን መልስ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል። ቤልጂያዊው ካህን ጆርጅ ለሜትር በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን፣ በ1931 ደግሞ ከአንድ ጥንታዊ አቶም መጀመሩን አቀረበ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1951 ባደረጉት ንግግር አዲሱን ሳይንስ ለፍጥረት ጅማሬ እንደ ምስክር አድርገው ሲያነሡት ካህኑ ደስ አላለውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የሚቆም የፊዚክስ ጉዳይ መሆኑን ያምን ነበርና። ሁለቱ ሲገጥሙ ማየት ያምራል፤ ነገር ግን ማማሩ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ከኬፕለር ተምረናል።

በእኛ አስተያየት የሃይማኖት ሐሳብ ስምንት ደቂቃ የሚገኘው በመጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ትምህርት ውብ ነው። መልካም የሠራ መልካም ያገኛል፣ ክፉ የሠራ ይቀጣል፤ ጎዶሎ የሌለው ክብ ማለት ነው። የማይገጥመው በአመድ ላይ የተቀመጠው ሰው ቁስል ብቻ ነበር። እነርሱም ትምህርታቸውን ከሚያርሙ የሰውየውን መዝገብ ማስተባበል፣ ኃጢአት ሳይኖርህ አልቀረም ማለት መረጡ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በጮኸውና በተሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ እግዚአብሔርን በሚያምር ንግግር በተከላከሉት በእነዚሁ ወዳጆች ላይ ነው።

ልጇን ቀብራ በተመለሰች እናት ፊት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ እግዚአብሔር ስለ ወደደው ወሰደው የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ተናግረነዋል? ቃሉ ያምራል፤ ከእምነትም የመነጨ ነው። ነገር ግን ቃሉን ስንናገር ፊቷን አይተን እናውቃለን ወይ? የኢዮብ ወዳጆች መናገር ከመጀመራቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር።