የተናዘዘን ሰው መክሰስ

የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» አንብቤ የጨረስኩት ላስታ፣ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ደጃፍ ተቀምጬ ነው፤ ከውስጥ ጠበሉ ከጣሪያው ወደ ድንጋይ ገንዳዎቹ ጠብ ጠብ ይላል። ደራሲዋ የኢሕአፓ ታጋይ ነበሩ፤ ደርግ ስምንት ዓመት አስሯቸዋል። የሚወዱትን ጌታቸው ማሩን ግን በ1969 ዓ.ም. «አንጃ» ብሎ የገደለው የገዛ ፓርቲያቸው ነው። እሳቸው ወዲያው ከድርጅቱ አልወጡም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምን እንበለው? ጽናት? ፍርሃት? እኔ ለመፍረድ ቸኩዬ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ «ለምን አልወጡም?» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ዳሩ ግን የምፈርድበትን ነገር ያቀበሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ ቢደብቁት በምን አውቅ ነበር? (በዚያ ዘመን ካዘዙትና ከተኮሱት ስንቱ ዝም ብሎ አርጅቷል!) የንስሐ አባት የሰማውን ይሰውራል፤ አንባቢ ግን የተናዘዘለትን ሰው በገዛ ቃሉ ይከሳል።

ከጥያቄዬ ሥር «አንተስ?» ብዬ ጨመርኩበት።