«የማን ናት?» በል

ልጄ፣ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ደባርቅ ላይ በሌላ ሰው ጫማ ተራራ የሚወጣው ስንቱ ነው! ቱሪስቱ ጉዞውን ሲጨርስ ጫማውን፣ ጃኬቱን፣ ስሊፒንግ ባጉን ለበቅሎ ነጂው ወይም ለአስጎብኚው ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ጨነቅ ላይ ሌሊት ብርዱ ሲመጣ አዲስ ነው አሮጌ ብሎ አይለይም። አዲስ አበባም ቢሆን መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ሰፈር እንጀራው አሮጌ ዕቃ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሻጩን ሳታይ መግዛትህ ነው።

በእኛ ገበያ በቅሎ የሚገዛ አስተዋይ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ኮርቻዋን አስወርዶ ገጣባ እንዳይኖርባት ጀርባዋን ይዳስሳል፤ ዳገቱን ያስወጣታል፣ ቁልቁለቱን ያስወርዳታል። ይህን ሁሉ አድርጎም እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። «የማን ናት? ከየት መጣች? ዋስህ ማነው?» ይላል። የዳባቱ ሰው የጃናሞራውን ሻጭ ባያውቀው፣ የሚያውቀውን የሚያውቅ አይጠፋም። ቴሌግራም ላይ ግን ፎቶ አለ፣ ዋጋ አለ፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ዋስ የለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለው እንዲህ ላለው ገበያ ነው።

«ቀብድ በቴሌብር ላክና ዕቃውን በመኪና ልጫንልህ» ሲልህ እዚያው ቁም። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገንዘብ መላኩን አቀለለው እንጂ ከማታውቀው ሰው ማስመለሱን አላቀለለም። ሳታየው የከፈልክበት ላፕቶፕ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። «የግሩፑ አድሚን ዋስ ነው» ቢልህስ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። አዲስ አበባ ያለው የአክስትህ ልጅ ሄዶ ይየው፣ ከፍቶ ይሞክረው፣ ገንዘቡንም እዚያው ይክፈል። አዲስ አበባ ከዚህ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶ ቢደርስህ ደርሶ መልሱ ረከሰልኝ ያልከውን ይበላዋል። ሻጩ አንተ ስትሆን ደግሞ ላክሁ የሚልህን ሰው ስክሪንሾት አትመን፤ ሒሳብህን ራስህ ከፍተህ እይ።

ስልክም ጥርስ አለው። *#06# ብትደውል 15 አሃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣልሃል፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያየው። አይፎን ከሆነ ባለቤቱ ከአካውንቱ ፊትህ ይውጣ፤ ካልወጣ ከርቀት ሊቆልፍብህ ይችላል። ሲምህን ከተህ ደውል፣ ቻርጀሩን ሰካ። ካርቶንም ደረሰኝም የለው፣ ዋጋው ደግሞ የሌላው ግማሽ ከሆነ፣ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳትሆን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሌባውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውንም ነው። በግማሽ ዋጋ የገዛህ «አላውቅም ነበር» ብትል ማን ያምንሃል?

«የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት እዚሁ ሰሜን፣ ደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. ነው። በ1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠው፤ ገዥዎቹም የራሱ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ አጫራች ቤት ከመቅደላ የሄደ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሽያጭ ቢያወጣ፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ከጨረታው አስወጣቸው። ስንት እጅ ቢዞር፣ ስንት ጊዜ ቢከፈልበት ባለቤቱ አልተረሳም። እና አንድ የማታውቀው ሰው «የአያትህን ብራና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ጥሩ ዋጋ አለው» ቢልህ፣ አትላክ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው፤ እሱ ይህን ከአንተ በላይ ያውቃል።

ሌሊቱን ሙሉ ስልክህን እያንሸራተትህ ርካሽ ስታድን አይሃለሁ። የማያስፈልግህ ዕቃ በርካሽም ውድ ነው፤ አንድ ዐይን ያላት ደግሞ በአፈር አትጫወትም። ላፕቶፑ ለትምህርትህ የግድ ከሆነ፣ በስልክህ ከመፈለግህ በፊት ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ዘንድሮ የሚመረቁትን ልጆች ጠይቅ። ዕቃውን አብርተህ ታየዋለህ፤ የሻጩንም ስም፣ ዶርሙንም፣ አገሩንም ታውቃለህ። እዚያ ካጣህ ና፣ ለአክስትህ ልጅ አብረን እንደውልለታለን።