አድማጭስ ከዕዳ ነፃ ነውን?

በአንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ግቢ ቆመን ስንነጋገር አንድ ካቴኪስት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «አባ፣ ሬዲዮው ለአንዱ ያዳላል፤ ቴሌቪዥኑ ለሌላው ያዳላል፤ በስልክ የሚመጣው ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው። እውነቱን የሚነግረን ከሌለ ድምፅ ብንሰጥ ምን ይፈይዳል? ምእመናን ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው?» በዚያ ሰዓት «እንጸልይ፣ ሁሉም ጊዜ አለው» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ግን መልስ አልነበረም፤ ጥያቄውም አልለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው ለእርሱና በየቁምስናው ይኸው ጥያቄ ለሚቀርብላቸው ሁሉ ነው።

በመጀመሪያ ቅሬታው ፍትሐዊ መሆኑን መቀበል ይገባናል። ሰው ባላወቀው ነገር ላይ በትክክል ሊፈርድ አይችልም፤ ድምፅ መስጠትም አንድ ዓይነት ፍርድ ነው። ስለዚህ ለሕዝብ የሚደርሰውን ወሬ የሚያዛባ ሰው የሕዝብን ፍርድ ያዛባል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ኅብረተሰቡ በእውነት፣ በነፃነት፣ በፍትሕና በመተባበር ላይ የተመሠረተ መረጃ የማግኘት መብት አለው ብሎ የሚያስተምረው (ቁ. 2494) ስለዚህ ነው።

የአገራችንን የምርጫ ታሪክ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት በነበሩት ወራት የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚዎች ተወካዮች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ ሕዝቡም የሁለቱን ወገን ቃል በአንድ መድረክ ሰማ። ከድምፅ መስጫው ዕለት በኋላ ግን ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ሁለቱም ወገኖች «ድሉ የእኛ ነው» አሉ። የመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የገዢውን፣ ብዙዎቹ የግል ጋዜጦች ደግሞ የተቃዋሚውን ቃል አስተጋቡ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተከተለው ሁከት 193 ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን አጣሪው ኮሚሽን ገለጸ። ጋዜጦች ተዘጉ፤ ጋዜጠኞችም ታሰሩ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ያዙ። ብዙ መራጭ «ድምፄ የት ገባ?» እያለ ወደ ቤቱ የተመለሰው በእነዚያ ዓመታት ነው። የእኛ የመተከል ሰዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአገሪቱ አብዛኛው ሕዝብ ሲመርጥ፣ ቡለንን ጨምሮ የዞናችን ብዙ ሕዝብ በጸጥታ ችግር ምክንያት ድምፅ አልሰጠም። በክልላችን የቀረው ምርጫ የተካሄደው ከሦስት ዓመት በኋላ ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው።

ይህ ምሬት የድሀ አገር ወይም የአዲስ ዴሞክራሲ በሽታ ብቻ አይምሰለን። በአሜሪካ ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጠይቅ ከመቶ ሰዎች 72ቱ ጋዜጦችንና ስርጭቶችን በአመዛኙ እናምናለን ብለው ነበር፤ በ2025 ግን እንዲህ ያሉት 28 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ በድምፅ መቁጠሪያ መሣሪያዎች ተሰርቋል የሚለው ወሬ በአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያ በተደጋጋሚ ተሰራጨ። የመሣሪያዎቹ ባለቤት ኩባንያ ከሰሰ፤ ጣቢያውም በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. 787.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ክርክሩን በስምምነት ጨረሰ። ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ሊያስደነግጠን የሚገባው ለፍርድ ቤት የቀረበው የውስጥ መልእክት ነው፤ ከጣቢያው ሰዎች አያሌዎቹ ወሬውን ራሳቸው አላመኑትም። ነገር ግን እውነቱ ከተነገረ ተመልካቾቻችን ተቆጥተው ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዱብናል ብለው ፈሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ተመልካቹ «ጣቢያው አታለለኝ» ይላል፤ ጣቢያው ደግሞ «ተመልካቼ ይህን እንጂ ሌላ መስማት አይሻም» ይላል። ታዲያ አድማጭ ከዕዳ ነፃ ነውን?

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በፊት አንሥቶታል (1ኛ ነገ. 22)። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ሊወጋ በተነሣ ጊዜ አራት መቶ ያህል ነቢያትን ሰበሰበ፤ ሁሉም በአንድ ቃል ድል እንደሚያደርግ ነገሩት። የይሁዳው ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ግን ሌላ የእግዚአብሔር ነቢይ እንዳለ ጠየቀ። አክዓብም ሚክያስ የሚባል አንድ ሰው መኖሩን፣ ነገር ግን ስለ እርሱ መልካም ትንቢት ስለማይናገር እንደሚጠላው መለሰ። ልብ እንበል! አክዓብ ሚክያስን የጠላው ውሸታም ነው ብሎ አይደለም፤ ደስ የሚለውን ባለመናገሩ ነው። አራት መቶዎቹን ነቢያት በቤተ መንግሥቱ ያበዛቸው የንጉሡ ጆሮ ነው።

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ሲሉ ነው። ስለ ወገናችን የሚነገረውንም እንደዚሁ ነው፤ የራሳችንን በደል ለመስማት ጆሯችን ባዳ ይሆናል፤ የሌላውን በደል ለመስማት ግን ቅርብ ዘመድ ነው። ስምንተኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል አንደበትን ብቻ የሚከለክል ይመስለናል። ቤተ ክርስቲያን ግን ያለ በቂ ማስረጃ የባልንጀራን ጥፋት በልቡ እንኳ እውነት ነው ብሎ የሚቀበል ሰው በችኮላ ፍርድ እንደሚበድል ታስተምራለች (ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 2477)። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ፣ በአንባቢዎች፣ በተመልካቾችና በአድማጮች ላይ የራሳቸው ግዴታ እንዳለባቸው አመልክቷል።

በቡለን ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳችን በበኩጂ ቀበሌ በተፈጸመው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በእነዚያ ዓመታት በዞናችን ሺናሻውም፣ ጉሙዙም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ አገውም ሟቹን ቀብሯል። እያንዳንዳችን ግን በልባችን የቆጠርነው ስንቱን ሬሳ ነው? የወገኔን ሞት ሲነግረኝ «ሐቀኛ ጣቢያ» ያልኩትን፣ የጎረቤቴን ሞት በነገረኝ ቀን «የእነርሱ አፍ» ብዬ ዘግቼው ከሆነ ያዳላው ሬዲዮው ብቻ አይደለም። የተበዳይነት ስሜት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ሌላው የሚነገረውን ክፉ ወሬ ሁሉ ያለ ምስክር ለማመን ፈቃድ አይሰጥም።

«አባ፣ የገበሬውን ዕዳ ከባለ ጣቢያው ዕዳ ጋር እኩል ልታደርገው ነውን?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይደለም። ዐውቆ የሚያሳስት ሰው፣ በተለይም ሥልጣንና ገንዘብ ይዞ የሚያሳስት፣ የከበደውን ፍርድ ይቀበላል። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው፣ ስልኩም አብዛኛውን ጊዜ የማይሠራለት ሰው ሊያመዛዝን የሚችለው ባለው መጠን ነው፤ እግዚአብሔርም ያልሰጠውን አይጠይቀውም። ደግሞም አለማዳላት ማለት እውነትንና ሐሰትን እኩል አድርጎ መሐል ላይ መቀመጥ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሳሽንም ተከሳሽንም ይሰማሉ፤ ሰምተው ግን ዝም አይሉም፤ በዳዩን «በድለሃል» ይሉታል። ሁለቱን ወገን የሚሰሙት ፍርዱ እንዲቀና እንጂ ከፍርድ ለመሸሽ አይደለም።

እንግዲህ «ሁሉም ውሸታም ነው» የሚለው አባባል ጥበብ ይመስላል እንጂ ጥበብ አይደለም። ሁሉን ውሸታም ያለ ሰው ማንንም ከመመርመር ድካም ያርፋል፤ ሐቀኛውንም ከሐሰተኛው ጋር በአንድነት ይኮንናል፤ በመጨረሻም ልቡ የወደደውን ያምናል። ጉባኤው ዜጎች ለጋራ ጥቅም በነፃነት ድምፅ የመስጠት መብትና ግዴታ እንዳለባቸው ያሳሰበውን (በዘመናዊው ዓለም ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ቁ. 75) ልናስታውስ ይገባል። አንድ ሰው ዕጩዎቹን ሁሉ መርምሮ ለማንም ድምፅ መስጠት ለኅሊናው ከብዶት ሊቀር ይችላል። ሳይመረምር በምሬት የቀረ ግን ፍርዱን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ እንጂ ከፍርድ አልዳነም።

ስለዚህ ለካቴኪስቶቻችን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ክፉ ወሬ በደረሳችሁ ጊዜ «ማን አየ?» ሳትሉ አታሳልፉት፤ ሕገ ኦሪት እንኳ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ነገር አይጸናም ብሏል (ዘዳ. 19፥15)። ሁለተኛ፣ ወሬው ስለ ጎረቤት ወገን ከሆነ ከዚያው ወገን አንድ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ፤ በቡለን ገበያ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ሐሰት ማሳለፋችሁን ያወቃችሁ እንደ ሆነ ኑዛዜ ብቻውን አይበቃም፤ ወሬውን በነገራችሁበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት አርሙት። የተሰረቀ በሬ እንደሚመለስ፣ የተሰረቀ ስምም ሊመለስ ይገባዋል (ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 2487)።

ወደ ኢዮሣፍጥ ልመለስና ልፈጽም። «ሌላ ነቢይ የለምን?» ብሎ በመጠየቁ እናመሰግነዋለን። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ኢዮሣፍጥ የሚክያስን ቃል በጆሮው ከሰማ በኋላ ከአክዓብ ጋር ወደዚያው ጦርነት ወጣ፤ ነፍሱም ለጥቂት ተረፈች። እውነቱን ፈልጎ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ካገኙት በኋላ አብሮ ከመሄድ መከልከል ግን ከዚያ ይበልጣል። ያ ካቴኪስት «ምእመናንን ምን ልበላቸው?» ብሎኝ ነበር። «ሌላውን ወገን ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ እንደ ሰማችሁት እውነት ሂዱ፤ ድምፅም ስትሰጡ እንደዚሁ ስጡ» በላቸው።

እግዚአብሔር ለሰሎሞን የሰጠውን አስተዋይ ልብ ለእኛም ይስጠን። አሜን።