ለልጆቻችን የምንመርጠው መጽሐፍ



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው ሁለተኛ መልእክቱ የሁለት ሴቶችን ስም ያነሣል፤ የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን። ጢሞቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያወቀ መሆኑንም በዚያው መልእክት ይመሰክርለታል። የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ ነበሩ፤ በልስጥራን ደግሞ ሕዝቡ በሊቃኦንያ ቋንቋ ይናገር ነበር። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ ውስጥ ለሚሰማባት ለድሬዳዋ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ባለ ከተማ የሚያድግ ሕፃን ብዙ ድምፅ ይሰማል፤ የትኛውን ልብ ብሎ ማዳመጥ እንደሚገባው በመጀመሪያ የሚያሳየው ግን ወላጁ ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች መሆናቸውን አስታውቋል። ይህን ትምህርት በየቁምስናችን ደጋግመን ሰምተነዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ለመግዛት በቆምን ጊዜ ኃላፊነቱን ለነጋዴው እንተዋለን። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ ሥዕሉ የደመቀ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ከሆነ ጥሩ መጽሐፍ ነው ብለን እንወስዳለን። ከመክፈላችን በፊት ሁለት ገጽ እንኳ ገልጠን ያነበብን ስንቶቻችን ነን?

ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ403 ዓ.ም. ገደማ በቤተ ልሔም ሳለ፣ ላኤታ ለምትባል ሮማዊት እናት ስለ ትንሿ ልጇ ስለ ጳውላ አስተዳደግ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር። ፊደላቱ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ ተቀርጸው ይሰጧት፣ እየተጫወተች ስማቸውን ትወቅ፣ ስታውቅ ትሸለም፣ ብትዘገይም አትቆጧት ይላል። (የየኔታን አለንጋ የምናስታውስ ሁሉ በዚህ ፈገግ ሳንል አንቀርም።) ስለ መጻሕፍቱ ሲናገር ደግሞ ልጅቱ በብራናው ላይ የተቀባውን ወርቅ ሳይሆን የጽሑፉን ትክክለኛነትና የተጠነቀቀ አነባበብ እንድትወድ ይመክራል። አስቀድማ መዝሙረ ዳዊትን ትማር፤ መጽሐፈ ምሳሌን፣ መክብብንና ኢዮብን አስከትላ ወደ ወንጌል ትለፍ፤ መኃልየ መኃልይን ግን በመጨረሻ ታንብብ ይላል። የሀገራችን የቄስ ትምህርት ቤትም ከፊደል በኋላ ሕፃኑን በመልእክተ ዮሐንስ አድርጎ ወደ ዳዊት ያደርሰው ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ እንኳ የሚነበብበት ጊዜ ካለው፣ ከመንገድ ዳር ለምንገዛው ታሪክ የልጁን ዕድሜ ማሰብ እንዴት አይገባንም?

ጥሩ መጽሐፍ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የሚመስለን ካለን፣ የገዛ ከተማችንን ታሪክ እንመልከት። የካፑቺን አባቶች የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በድሬዳዋ ይሠራ ነበር፤ የአባ ባቴማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚሁ ነው። የባቡሩ ከተማ በዚያ ዘመን ቃላትን በጥንቃቄ ለቅመው የሚያትሙ እጆች ነበሯት። ከዚያ በኋላም የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ብዙ ትውልድ አንብቦ አድጎበታል። ልጃችን እንግሊዝኛ መማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናቱ በምትጸልይበት ቋንቋ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ እንኳ በቤቱ ካላገኘ፣ ትምህርት ማለት ከቤቱ መራቅ ይመስለዋል። ይህ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል።

መንፈሳዊ የሚል ስም የያዘ መጽሐፍ ሁሉም ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ሕፃናትን በሲኦል ታሪክ እያስፈራሩ፣ ምንጩ ያልታወቀ ተአምር የሚተርኩ ጽሑፎች በየቦታው ይሸጣሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ የጳጳስ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ መምህራን ያውቃሉ፤ ፈቃዱ ግን ከሃይማኖት ስሕተት ነጻ መሆኑን ይመሰክራል እንጂ አጻጻፉ ለሕፃን የተመቸ ነው አይልም። ቤተ ክርስቲያን የተከለከሉ መጻሕፍትን መዝገብ በ1966 እ.ኤ.አ. ሕግነቱን ካስቀረች ወዲህ የመምረጡ ሸክም በአንባቢውና በወላጁ ኅሊና ላይ ይበልጥ ወድቋል።

ስለዚህ አስቀድመን ራሳችን እናንብበው፤ ያውም ድምፃችንን ከፍ አድርገን። አንደበታችን በየመስመሩ የሚሰናከል ከሆነ የልጁም ይሰናከላል። በታሪኩ ውስጥ ያለው ድሀ መሳቂያ ሆኖ ከቀረበ፣ የሌላ ሃይማኖት ወይም የሌላ ብሔረሰብ ጎረቤታችን ክፉ ተደርጎ ከተሳለ፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር እንተወው። ልጁ ያንኑ ታሪክ ለአሥረኛ ጊዜ «ድገሙልኝ» ካለ ደግሞ አንሰልች፤ አንድ ደህና መጽሐፍ አሥር ጊዜ መነበቡ አሥር ተራ መጻሕፍትን ከመግዛት ይሻላል፤ ለኪሳችንም ይቀላል።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆች በመካከላችን አሉ፤ ይህ ሁሉ እኛን አይመለከተንም ብለው እንዳያዝኑ እንለምናቸዋለን። እናቲቱ ቡናዋን እየቆላች ልጇ ጮክ ብሎ ያንብብላት፤ «ከዚያስ ምን ሆነ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላ ትጠይቀው። ያልገባትን ያስረዳት፤ ማስረዳት ካልቻለ እርሱም አልገባውም ማለት ነውና ወደ መምህሩ ይዞት ይሂድ። እናንተም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ እሑድ ልጆቹን ስትቀበሉ የጸሎት ቃል በቃላቸው ከማስባላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ማን ለማን አነበበ?